ኤች አይ ቪ በደማቸው በሚገኝ ሰዎች ላይ የሚከሰት የአንጎል ቁስለት፦ ምልክቶቹ፣ ምርመራውና የሕክምናው ቅደም ተከተል

ኤች አይ ቪ በደሙ ውስጥ የሚገኝ ሰው በድንገት ወይም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ አንድ ጎኑ ሲዝል፣ ሲንቀጠቀጥ፣ ንግግሩ ሲተሳሰር ወይም የቅርብ ዘመዶቹን መለየት ሲያቅተው በአንጎሉ ውስጥ ቁስለት ተፈጥሮ ሊሆን ይችላል። ይህ ሁኔታ ለሕይወት አስጊ ነው። ይሁን እንጂ ከመንስኤዎቹ መካከል ብዙዎቹ በወቅቱ ከተደረሰባቸው በመድኃኒት የሚድኑ ወይም ሊቀለበሱ የሚችሉ ናቸው። ይህ ጽሑፍ የአንጎል ቁስለት እንዴት እንደሚመረመር፣ ታካሚዎችና ቤተሰቦቻቸው በየደረጃው ምን እንደሚጠብቃቸው፣ በተለይም በሰሜን ሸዋ ዞን በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ ደጋ የሚኖሩ ዜጎች አገልግሎቱን ለማግኘት ምን ማድረግ እንደሚገባቸው ያብራራል።

የአንጎል ቁስለት ምንነት

የአንጎል ቁስለት ሲባል በአንጎል ሥጋ ውስጥ በተወሰነ ቦታ ላይ የሚፈጠር እብጠት፣ መግል፣ እባጭ ወይም የተጎዳ ክፍል ማለት ነው። እያንዳንዱ የአንጎል ክፍል የራሱ ተግባር ስላለው ምልክቱ ቁስለቱ ያረፈበትን ቦታ ይከተላል። የግራው የአንጎል ክፍል ሲጎዳ ቀኝ እጅና እግር ሊዝል፣ ንግግርም ሊጠፋ ይችላል። የኋለኛው የታችኛው ክፍል ሲጎዳ ደግሞ አረማመድ ይንገዳገዳል። ቁስለቱ በዙሪያው ውኃ ሲያጠራቅም በራስ ቅል ውስጥ ያለው ግፊት ይጨምራል፤ በዚህም ምክንያት ብርቱ ራስ ምታት፣ ትውከትና የንቃት መቀነስ ይከተላሉ።

ኤች አይ ቪ የአንጎል ቁስለትን የሚያስከትለው በአብዛኛው በተዘዋዋሪ መንገድ ነው። ቫይረሱ ሲዲ4 የሚባሉትን የመከላከያ ሕዋሳት ሲያሟጥጥ በሰውነት ውስጥ ተደብቀው የቆዩ ተዋስያን ይነሣሉ። የሲዲ4 መጠኑ በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም ከ200 በታች የሆነ አዋቂ ኤች አይ ቪው ከፍተኛ ደረጃ ላይ እንደደረሰ ይቆጠራል። አብዛኞቹ የአንጎል ቁስለቶች የሚታዩት ከዚህም ወርዶ ከ100 በታች ሲሆን ነው።

በኢትዮጵያ የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን የተመዘገቡት እ.ኤ.አ. በ1986 ሲሆን፣ የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት ያለ ክፍያ መሰጠት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው። መድኃኒቱ በየጤና ጣቢያው ከደረሰ ወዲህ የአንጎል ቁስለት የሚደርስባቸው ሰዎች በዋናነት ሦስት ዓይነት ናቸው፦ ተመርምረው የማያውቁ፣ ዘግይተው የተመረመሩ እና መድኃኒታቸውን ያቋረጡ። ስለዚህ አንዳንድ ታካሚዎች ኤች አይ ቪ በደማቸው እንዳለ የሚያውቁት በአንጎል ሕመም ምክንያት ሆስፒታል ሲገቡ ነው።

ዋና ዋና መንስኤዎች

ቶክሶፕላዝሞሲስ። ዓይን የማያየው ጥገኛ ተዋስያን የሚያስከትለው በሽታ ሲሆን፣ ኤች አይ ቪ ባለባቸው ሰዎች ዘንድ ቁስለት ከሚፈጥሩ የአንጎል በሽታዎች ግንባር ቀደሙ ነው። ተዋስያኑ በድመት ዓይነ ምድር፣ በአፈር፣ ባልታጠበ አትክልትና በጥሬ ወይም በደንብ ባልበሰለ ሥጋ አማካይነት ወደ ሰው ይገባል። በግና ፍየልም ተዋስያኑን በሥጋቸው ይሸከማሉ። በኢትዮጵያ አዋቂዎች ዘንድ ተዋስያኑ እጅግ የተስፋፋ ነው። ጤናማ ሰው ተዋስያኑን ተሸክሞ ዕድሜውን ሁሉ ምንም ሳይሰማው ሊኖር ይችላል፤ የመከላከያ አቅሙ ሲወድቅ ግን ተኝቶ የነበረው ተዋስያን በአንጎል ውስጥ ይነሣል።

የአንጎል ቲቢ። የቲቢ ባክቴሪያ በአንጎል ውስጥ እባጭ ሊፈጥር ወይም የአንጎልን ሽፋን ሊያሳብጥ ይችላል። ከቶክሶፕላዝሞሲስ የሚለየው የሲዲ4 መጠን ብዙ ሳይወርድም ሊከሰት መቻሉ ነው። የቆየ ሳል፣ የሌሊት ላብ፣ የክብደት መቀነስና የንፍፊት እብጠት አብረው ከታዩ ጥርጣሬው ይጨምራል።

ክሪፕቶኮከስ። በፈንገስ የሚመጣ የማጅራት ገትር ሕመም ነው። አልፎ አልፎ በአንጎል ውስጥ እባጭ ይፈጥራል። በአብዛኛው ግን ምልክቱ ከአንድ ጎን መዛል ይልቅ ለሳምንታት የሚቆይና እየባሰ የሚሄድ ራስ ምታት፣ ትኩሳት፣ ትውከትና የእይታ መደብዘዝ ነው።

የአንጎል ሊምፎማ። ከመከላከያ ሕዋሳት የሚነሣ ካንሰር ሲሆን፣ የሲዲ4 መጠናቸው ከ50 በታች በወረደ ታካሚዎች ላይ ይበልጥ ይታያል።

ጄሲ በተባለ ቫይረስ የሚመጣ የአንጎል ነጭ ክፍል መሟሟት። ያለ ትኩሳትና ያለ ብርቱ ራስ ምታት በሳምንታትና በወራት ውስጥ ቀስ በቀስ እየባሰ የሚሄድ የእይታ፣ የንግግር ወይም የእንቅስቃሴ ጉድለት ያስከትላል። ራሱን የቻለ መድኃኒት የለውም፤ ዋናው ሕክምና በፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት የመከላከል አቅምን መመለስ ነው።

ከእነዚህ በተጨማሪ የአንጎል ደም ሥር መዘጋት ወይም መፍሰስ፣ በሌላ ባክቴሪያ የሚመጣ መግልና ቂጥኝ ተመሳሳይ ምልክት ሊያሳዩ ይችላሉ።

በኅብረተሰቡ ዘንድ ጥሬ ሥጋ የሚያስከትለው ጉዳት ኮሶ ብቻ እንደሆነ ይታሰባል። በኢትዮጵያ የተለመደው ከበሬ ሥጋ የሚመጣው የኮሶ ትል በአንጎል ውስጥ እባጭ አይፈጥርም፤ በአንጎል ውስጥ የሚሰፍረው እጭ የአሳማ ኮሶ ትል ነው። በመሆኑም የኮሶ መድኃኒት መውሰድ ቶክሶፕላዝሞሲስን አይከላከልም፤ አያድንምም።

ሳይዘገይ ወደ ጤና ተቋም መሄድን የሚጠይቁ ምልክቶች

ኤች አይ ቪ በደሙ የሚገኝ ወይም የምርመራ ውጤቱን የማያውቅ ማንኛውም ሰው ከሚከተሉት አንዱ ሲታይበት በዚያው ዕለት ወደ ጤና ተቋም ሊወሰድ ይገባል፦

- ከዚህ ቀደም ያልነበረ መንቀጥቀጥ ወይም ራስን ስቶ መውደቅ፤
- የአንድ ጎን እጅ፣ እግር ወይም ፊት መዛል ወይም መደንዘዝ፤
- የንግግር መተሳሰር፣ የእይታ መደራረብ ወይም መጥፋት፤
- የአረማመድ መንገዳገድ፤
- በማስታገሻ የማይቆምና እየባሰ የሚሄድ ራስ ምታት፣ በተለይ ከትኩሳት ወይም ከትውከት ጋር፤
- የባሕርይ መለወጥ፣ ግራ መጋባት፣ ከልክ ያለፈ እንቅልፍ።

ምልክቱ የጀመረበት ቀንና የተባባሰበት ሁኔታ ለምርመራው ትልቅ እገዛ ያደርጋል። በደቂቃዎች ውስጥ የመጣ መዛል የደም ሥር ችግርን፣ በቀናትና በጥቂት ሳምንታት የመጣ ቶክሶፕላዝሞሲስን ወይም ቲቢን፣ በወራት የመጣ ደግሞ ሌሎቹን ያመለክታል። ስለዚህ ሕመምተኛውን የሚያስታምም ሰው ቀኑን በወረቀት ጽፎ ቢይዝ ይመከራል።

በጤና ጣቢያ የሚደረግ የመጀመሪያ ምርመራ

ምርመራው የሚጀምረው በትልቅ መሣሪያ አይደለም። የጤና ባለሙያው በቅድሚያ የሕመሙን ታሪክ ይጠይቃል፤ የሕመምተኛውን ንቃት፣ የዓይን ብሌን፣ የእጅና የእግር ጉልበት፣ የአንገት መገተር ይመረምራል። የደም ስኳር መጠንም ይለካል፤ የስኳር መውረድ ብቻውን መንቀጥቀጥና ራስን መሳት ሊያስከትል ይችላልና። ሕመምተኛው ወደ ጀማ ሸለቆ ወይም ወደ ሌላ ቆላማ ስፍራ ወርዶ የነበረ ከሆነ የወባ ምርመራ ይደረጋል፤ በደጋ መኖር ብቻውን ወባን አያስቀርም።

የኤች አይ ቪ ውጤቱን የማያውቅ ሰው ምክር ተሰጥቶት፣ ፈቃዱም ተጠይቆ ይመረመራል። ምርመራው ያለ ክፍያ የሚሰጥና ምስጢራዊነቱ የተጠበቀ ነው። ውጤቱ በቀጣይ የሚሰጠውን ሕክምና ስለሚወስን በአንጎል ሕመም ለተጠረጠረ ሰው ይህን ምርመራ ማለፍ ለተሳሳተ ሕክምና ይዳርጋል።

መንቀጥቀጡ ካልቆመ በጤና ጣቢያው የማስቆሚያ መድኃኒት ይሰጣል፤ ከዚያም ሕመምተኛው ወደ ሆስፒታል ይላካል።

በሆስፒታል የሚደረጉ የላቦራቶሪ ምርመራዎች

የሲዲ4 ምርመራ ሊሆኑ የሚችሉትን መንስኤዎች ለማጥበብ ያገለግላል። የቫይረስ መጠን ምርመራ መድኃኒቱ እየሠራ መሆን አለመሆኑን ያሳያል። የክሪፕቶኮከስ አንቲጂን ምርመራ ከጥቂት የደም ጠብታ በደቂቃዎች ውስጥ ውጤት ይሰጣል። ቲቢን ለመፈለግ የደረት ራጅ ይነሣል፤ አክታ በጂን ኤክስፐርት ይመረመራል፤ የሲዲ4 መጠናቸው ዝቅተኛ ለሆነ ታካሚዎች የሽንት የቲቢ ምርመራም ይደረጋል። የቂጥኝና የኩላሊት ምርመራም ይታከላል።

የቶክሶፕላዝማ ፀረ እንግዳ አካል የደም ምርመራ ብዙ ጊዜ በስህተት ይተረጎማል። ውጤቱ አዎንታዊ ሲሆን የሚያስረዳው ሰውየው በሕይወቱ በአንድ ወቅት በተዋስያኑ መያዙን እንጂ አሁን ያለው የአንጎል ሕመም ከዚያ መምጣቱን አይደለም። ተዋስያኑ በሰፊው በተሠራጨበት አገር አዎንታዊ ውጤት ብዙም አይለይም፤ ይበልጥ የሚጠቅመው አሉታዊ ውጤት ነው። ውጤቱ አሉታዊ ከሆነ ሐኪሙ ሌሎች መንስኤዎችን አጥብቆ ይፈልጋል።

ሲቲ ስካንና ኤም አር አይ

ሲቲ ስካን በራጅ ጨረር የአንጎልን ምስል ቆራርጦ የሚያሳይ መሣሪያ ነው። ሕመምተኛው ለጥቂት ደቂቃዎች ሳይንቀሳቀስ ይተኛል፤ ምርመራው አያምም። ለኤች አይ ቪ ታካሚ የአንጎል ቁስለት ሲፈለግ ምስሉ በደም ሥር የሚሰጥ አጉሊ መድኃኒት ከተወሰደ በኋላ ቢነሣ ቁስለቱ ይበልጥ ይለያል። አጉሊው መድኃኒት ኩላሊቱ ለደከመ ሰው ጉዳት ሊያስከትል ስለሚችል የኩላሊት ምርመራ ውጤት አስቀድሞ ይታያል። ታካሚዋ ነፍሰ ጡር ከሆነች፣ ታካሚው የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ወይም ከዚህ ቀደም በመድኃኒት የተቆጣ ከሆነ ለባለሙያው መናገር ግድ ነው።

በምስሉ ላይ ቶክሶፕላዝሞሲስ በአብዛኛው በርከት ብለው፣ በቀለበት ቅርጽ የሚበሩና በዙሪያቸው እብጠት ያላቸው ቁስለቶች ሆኖ ይታያል። ሊምፎማ በብዛት አንድ ብቻና ከ4 ሳንቲ ሜትር የሚበልጥ ሊሆን ይችላል። የነጭ ክፍል መሟሟት አብዛኛውን ጊዜ እብጠትም ቀለበትም የለውም። የቲቢ እባጭ ግን ከቶክሶፕላዝሞሲስ ጋር እጅግ ሊመሳሰል ይችላል። በዚህ ምክንያት ምስል ብቻውን የመጨረሻ ፍርድ አይሰጥም፤ ከሲዲ4 መጠን፣ ከሕመሙ ታሪክና ከላቦራቶሪ ውጤት ጋር ተዛምዶ ይነበባል።

ኤም አር አይ በሲቲ ስካን የማይታዩ ትናንሽ ቁስለቶችን ጭምር ያሳያል። የሚሠራው በብርቱ ማግኔት ስለሆነ በሰውነቱ ውስጥ ብረት ያለበት ሰው አስቀድሞ ማሳወቅ አለበት። አገልግሎቱ የሚገኘው በጥቂት ተቋማት በመሆኑ ለሁሉም ታካሚ አይታዘዝም።

የጀርባ ፈሳሽ ምርመራ

ብዙ ቤተሰቦች ከጀርባ ፈሳሽ መወሰዱ ሽባ ያደርጋል ብለው ስለሚሰጉ ምርመራውን ይከለክላሉ። መርፌው የሚገባው ሕብለ ሰረሰር ካለቀበት በታች ባለው የወገብ ክፍል ነው፤ ስለዚህ ሕብለ ሰረሰርን አይነካም። ከምርመራው በኋላ ለጥቂት ቀናት ራስ ምታት ሊሰማ ይችላል። ቲቢንና ክሪፕቶኮከስን ለመለየት የሚተካከለው ምርመራ የለም፤ በክሪፕቶኮከስ ሕመም ጊዜ ደግሞ ፈሳሹን ማውጣት ግፊቱን ስለሚቀንስ ራሱ ሕክምና ነው።

ምርመራው የማይደረግበት ጊዜም አለ። በአንጎል ውስጥ ትልቅ እባጭ ካለ ፈሳሹ ከታች ሲወጣ አንጎል ወደ ታች ሊገፋ ይችላል። ስለሆነም አንድ ጎኑ የዛለ ወይም ንቃቱ የቀነሰ ታካሚ በቅድሚያ ሲቲ ስካን እንዲነሣ ይደረጋል። ሐኪሙ ምርመራውን ቢያዘገይ ቸል ማለቱ ሳይሆን ለጥንቃቄ ነው።

የ14 ቀኑ የሕክምና ምላሽ

ለአንጎል ቁስለት ፍጹም የሆነው ማረጋገጫ ከቁስለቱ ናሙና በቀዶ ሕክምና ወስዶ መመርመር ነው። ይህ የአንጎል ቀዶ ሐኪም የሚፈልግና የራሱ አደጋ ያለው አሠራር ነው። በመሆኑም በኢትዮጵያም ሆነ በሌላው ዓለም የሚሠራበት መንገድ የተለየ ነው፦ የሲዲ4 መጠኑ ዝቅተኛ የሆነና የአንጎል ቁስለት ምልክት ያለበት ታካሚ የቶክሶፕላዝሞሲስ ሕክምና ወዲያውኑ ይጀመርለታል፤ ከዚያም ለመድኃኒቱ የሚሰጠው ምላሽ በቅርብ ይታያል። ሲቲ ስካን በሌለበት ሆስፒታልም ቢሆን ሐኪሙ ሕክምናውን ሊጀምር ይችላል።

ሕክምናው በአብዛኛው የሚሰጠው በየሆስፒታሉ በሚገኘው ኮትሪሞክሳዞል ሲሆን፣ መጠኑ ለመከላከያ ከሚወሰደው እጅግ ከፍ ያለ ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 ይፋ በሆነ ጥናት ለቶክሶፕላዝሞሲስ ሕክምና ምላሽ ከሰጡ ታካሚዎች ከ10ሩ 9ኙ ያህል እስከ 14ኛው ቀን ድረስ መሻሻል አሳይተዋል። ስለዚህ 14ኛው ቀን ወሳኝ ቀን ነው። ታካሚው በዚህ ጊዜ ውስጥ ከተሻለው ምርመራው በመድኃኒቱ ምላሽ ተረጋገጠ ማለት ነው፤ ሕክምናውም ይቀጥላል። ካልተሻለው ወይም ከዚያ በፊት ከባሰበት ደግሞ መንስኤው ሌላ መሆኑ ይጠረጠራል፤ ታካሚውም ሳይውል ሳያድር ለሲቲ ስካን፣ ለተጨማሪ ምርመራ ወይም ለናሙና ወደ ከፍተኛ ሆስፒታል ይላካል።

ይህ አሠራር ትርጉም የሚኖረው መድኃኒቱ አንድም ቀን ሳይቋረጥ ከተወሰደና ለውጡ በየቀኑ ከተመዘገበ ነው። ለምሳሌ በመጀመሪያው ቀን ቀኝ እጁን ማንሣት ያቃተው አርሶ አደር በሰባተኛው ቀን ኩባያ መጨበጥ ከቻለ ይህ ለሐኪሙ እንደ ላቦራቶሪ ውጤት የሚቆጠር መረጃ ነው። አስታማሚው እነዚህን ለውጦች ልብ ብሎ ቢነግር ምርመራውን ያግዛል። በአንጻሩ ታካሚው በአምስተኛው ቀን ተሻለው ተብሎ ወደ ቤቱ ቢወሰድ ወይም መድኃኒቱ ቢቋረጥ በሽታው ከበፊቱ ብሶ ሊመለስ ይችላል። ሙሉው ሕክምና ሳምንታትን የሚወስድ ሲሆን፣ ከዚያም በኋላ የሲዲ4 መጠን እስኪያንሰራራ በአነስተኛ መጠን ይቀጥላል።

እብጠቱ በርትቶ ሕይወትን የሚያሰጋ ከሆነ ዴክሳሜታዞን የተባለ የእብጠት መቀነሻ ይጨመራል። ይህ መድኃኒት የሊምፎማን እባጭም ለጊዜው ስለሚያኮማትር የታየው መሻሻል ከየትኛው መድኃኒት እንደመጣ ለመለየት ያስቸግራል። በመሆኑም ሐኪሙ የሚያዘው ሲያስፈልግ ብቻ ነው፤ ከመድኃኒት ቤት በራስ ገዝቶ መውሰድ አይገባም።

በመድኃኒቶች መካከል ስለሚፈጠር ግጭት

መንቀጥቀጥን ለመከላከል የሚሰጡት ፌኖባርቢታል፣ ፌኒቶይንና ካርባማዜፒን እንዲሁም ለቲቢ የሚሰጠው ሪፋምፒሲን ዶሉቴግራቪር የተባለውን የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት ከደም ውስጥ በፍጥነት ያስወግዱታል። እንዲህ ባለ ጊዜ ሐኪሙ መጠኑን ያስተካክላል ወይም መድኃኒቱን ይቀይራል። ስለዚህ ታካሚው የሚወስዳቸውን መድኃኒቶች ሁሉ፣ ከባህል ሐኪም ያገኛቸውን ጨምሮ፣ ሊያሳውቅ ይገባል። ኮትሪሞክሳዞል በሚወሰድበት ጊዜ የቆዳ ሽፍታ፣ የአፍ ወይም የዓይን ቁስል ከታየ ለሐኪም በአስቸኳይ ይነገራል።

የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት ያልጀመረ ታካሚ የሚጀምርበትን ቀን የሚወስነው ሐኪሙ ነው። በክሪፕቶኮከስና በአንጎል ቲቢ ሕመም ጊዜ መድኃኒቱ ለተወሰኑ ሳምንታት እንዲዘገይ ይደረጋል፤ የመከላከል አቅም በድንገት ሲነቃ በአንጎል ውስጥ ያለውን እብጠት ሊያባብስ ይችላልና። መድኃኒቱን ከጀመረ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ አዲስ ራስ ምታት ወይም መዛል የታየበት ሰው መድኃኒቱን በራሱ ሳያቆም ወደ ሆስፒታል መመለስ አለበት።

ከደጋው ወደ ሕክምና

በመንዝና በግሼ ወረዳዎች የሚኖሩ ዜጎች ከቀበሌ ጤና ኬላና ከወረዳ ጤና ጣቢያ ቀጥሎ የሚያገኙት በመሐል ሜዳ የሚገኘውን ሆስፒታል ነው። ለመርሐቤቴ ነዋሪዎች በዓለም ከተማ የሚገኘው እናት ሆስፒታል ይቀርባል። ቀጣዩ ደረጃ የደብረ ብርሃን ሪፈራል ሆስፒታል ሲሆን፣ ከዚያም ጉዳዩ የአዲስ አበባ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታሎችን ሊጠይቅ ይችላል። ከመሐል ሜዳ የሚወጣ ታካሚ በሞላሌና በጣርማ በር በኩል ወደ ደብረ ብርሃን ይጓዛል። ከዓለም ከተማ የሚነሣ ደግሞ ጀማን ተሻግሮ በለሚና በሙከጡሪ በኩል ወደ አዲስ አበባ መውጫ አለው። የሚላክበትን ተቋም የሚመርጠው ሪፈር የሚጽፈው ሐኪም ነው፤ የሆስፒታሉ የላይዘን ክፍል ተቀባዩ ተቋም አልጋና የሲቲ ስካን አገልግሎት እንዳለው በስልክ አረጋግጦ ይልካል። ይህ ሳይረጋገጥ በራስ ወጪ መጓዝ ገንዘብንም ቀናትንም ያባክናል።

ታካሚው ሲላክ የሚከተሉትን መያዝ ይኖርበታል፦

- የሪፈር ወረቀት፣ የተሰጡት መድኃኒቶችና የተሰጡበት ቀን የተጻፈበት፤
- የፀረ ኤች አይ ቪ ሕክምና ክትትል ካርድና የቅርብ ጊዜ የሲዲ4 እና የቫይረስ መጠን ውጤት፤
- የሚወስዳቸው መድኃኒቶች በሙሉ፣ ከነመያዣቸው፤
- የታደሰ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን መታወቂያ፤
- የራጅና የሲቲ ስካን ምስሎች፣ ከተነሡ፤
- የሕመሙን ታሪክ የሚያውቅ አስታማሚ።

የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒትና የቲቢ ሕክምና በመንግሥት ተቋማት ያለ ክፍያ ይሰጣሉ። ለሲቲ ስካንና ለአልጋ ክፍያ ሊጠየቅ ስለሚችል የጤና መድን አባላት የሪፈር ቅደም ተከተሉን ጠብቀው መሄዳቸው ሽፋኑን ለማግኘት ያስችላቸዋል።

በዚህ ሂደት ከባድ እንቅፋት የሚሆነው ምስጢር ነው። ራሱን የሳተ ታካሚ መድኃኒት እንደሚወስድ ለሐኪም ሊናገር አይችልም፤ ቤተሰቡ ካላወቀ ደግሞ ምርመራው በሌላ አቅጣጫ ሄዶ ውድ ቀናት ይባክናሉ። ስለዚህ ኤች አይ ቪ በደሙ የሚገኝ ሰው ቢያንስ አንድ የሚያምነው ሰው እንዲያውቅለትና ካርዱ ያለበትን ቦታ እንዲያመለክት ይመከራል።

በቤትና በመንገድ የሚደረግ እርዳታ

መንቀጥቀጥ የጀመረውን ሰው ከምድጃ፣ ከገደልና ከውኃ ማራቅ፣ በጎኑ ማስተኛት፣ የአንገት ልብሱን ማላላትና እስኪያቆም አጠገቡ መቆየት ተገቢ ነው። ክብሪት ጭሮ ማሽተት፣ በጥርሱ መካከል ማንኪያ ወይም እንጨት ማስገባት፣ ጠምዝዞ መያዝና ሳይነቃ ውኃ ማጠጣት ጉዳት ያስከትላሉ። መንቀጥቀጡ ከ5 ደቂቃ ካለፈ ወይም ሳይነቃ ከተደጋገመ አስቸኳይ ነው፤ የወረዳው አምቡላንስ እንዲጠራ ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ወይም ለጤና ጣቢያው ይደወላል። ተሽከርካሪ ከማይደርስበት ስፍራ በቃሬዛ ሲወሰድም በጎኑ እንደተኛ መሆን አለበት፤ በበቅሎ ላይ ማስቀመጥ አይገባም።

የአንጎል ቁስለት የሚያስከትለው መንቀጥቀጥ እርግማን ወይም የክፉ መንፈስ ሥራ ሳይሆን ሕመም ነው፤ በመንካትም ሆነ በለሃጭ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ጠበል የሚጠመቁ ታካሚዎች መድኃኒታቸውን ማቋረጥ አይኖርባቸውም፤ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን አባቶችም ጠበሉና መድኃኒቱ አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ አስተምረዋል።

መከላከያ መንገዶች

- ኤች አይ ቪን በወቅቱ መመርመርና መድኃኒቱን በዚያው መጀመር፤ የሲዲ4 መጠን ሳይወርድ የታከመ ሰው ከእነዚህ ሕመሞች በአብዛኛው ይጠበቃል።
- የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒትን አለማቋረጥ፤ ለአዝመራ፣ ለሥራ ፍለጋ ወይም ለንግድ ወደ ሌላ አካባቢ የሚሄድ ሰው ተጨማሪ መድኃኒት ወይም የዝውውር ወረቀት አስቀድሞ መጠየቅ አለበት።
- የታዘዘ ኮትሪሞክሳዞልን በየቀኑ መውሰድ፤ ቶክሶፕላዝሞሲስን ጭምር ይከላከላል።
- የቲቢ መከላከያ ሕክምናን መውሰድ።
- ሥጋን በደንብ አብስሎ መመገብ፤ ጥሬ ሥጋንና ለብለብ ክትፎን ማስወገድ፤ ጥሬ ሥጋ የነካ ቢላዋንና እጅን ማጠብ።
- አትክልትን በንጹሕ ውኃ ማጠብ፤ የድመት ዓይነ ምድርን በባዶ እጅ አለመንካት።

ተጨማሪ መረጃ

የአንጎል ቁስለት ምልክት የታየበት ሰው በአቅራቢያው ወደሚገኝ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል በማንኛውም ሰዓት መሄድ ይችላል። ስለ ኤች አይ ቪ ምርመራና ሕክምና ጥያቄ ያላቸው ዜጎች በነጻ የስልክ መስመር 952 በመደወል መረጃ ማግኘት ይችላሉ። ይህ ጽሑፍ ለግንዛቤ የቀረበ እንጂ የሐኪም ምርመራንና ትእዛዝን የሚተካ አይደለም።